የግዑዛን ምስክርነትና የወንጀል ስፍራ መርማሪ ኅሊና

የሰው ልጅ ታሪክ ገና በሁለተኛው ትውልድ ላይ ሳለ ደም ፈሰሰ፤ ደሙም ሲፈስ ያየ የሰው ዓይን አልነበረም። ቃየን ወንድሙን አቤልን ወደ ሜዳ አውጥቶ በገደለው ጊዜ፣ ሁሉን የሚያውቅ እግዚአብሔር አስቀድሞ ገዳዩን ጠየቀው፤ እርሱም ከካደ በኋላ የወንድሙ ደም ከምድር ወደ ላይ እንደሚጮኽ ነገረው። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርን ሰዎች ልባችን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በቃየን ቅንዓትና በተፈረደበት መቅበዝበዝ ላይ ነው፤ ነገር ግን በዚያ አጭር ምዕራፍ ውስጥ ሌላም ሊመረመር የሚገባው ምሥጢር አለ፤ ይኸውም ምስክር በሌለበት ቦታ ምድር ራስዋ እንደ ምስክር መቆጠርዋ ነው። የደምን ጩኸት ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ ፈጣሪ ብቻ ነው። ሰው ግን ያን ጩኸት ይሰማ ዘንድ ጐንበስ ብሎ መሬቱን ማየት፣ መለካት፣ መጻፍና ማሸግ፣ ከዚያም ያገኘውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለዳኛ ማቅረብ አለበት። በዘመናችን ይህን ተግባር ሙያው አድርጎ የያዘው ሰው የወንጀል ስፍራ መርማሪ ይባላል።

ስለዚህ ሙያ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ፣ ሰው ይዋሻል ዕቃ ግን አይዋሽም የሚል አነጋገር ይሰማል። የዚህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ንጹሐን ሰዎችን ወደ ወህኒ ያስገባ አሳሳች አሳብ ስለ ሆነ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። በደም የተነከረ ጨርቅ፣ በመስተዋት ላይ የታተመ የጣት አሻራ፣ በጫማ ሥር የተገኘ አፈር በእርግጥ ለማንም አያዳሉም፤ መማለጃም አይቀበሉም፤ ዘመድና ባዕድም አይለዩም። ይሁን እንጂ ግዑዝ ነገር የማይዋሸው አንደበት ስለሌለው ነው፤ አንደበት የሌለውም እውነትን አይናገርም። ከጨርቁና ከዳኛው መካከል ቆሞ ጨርቁ ይህን ያስረዳል የሚል ሁልጊዜ ሰው ነው፤ ያም ሰው እንደ ማናችንም ፍርሃት፣ ችኮላ፣ የክብር ፍቅርና አስቀድሞ የተያዘ አሳብ የሚፈታተነው ሥጋ ለባሽ ነው። እንግዲህ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው የኦሪት ሕግ፣ በዓይኔ አየሁ ከሚለው ምስክር ይልቅ በዚህ ሰው ላይ ይከብዳል፤ የዓይን ምስክር ቢዋሽ ሌላ የዓይን ምስክር ሊያስተባብለው ይችላል፤ በግዑዝ ነገር ስም የሚናገረውን ግን ሕዝቡም ዳኛውም እንደ ተፈጥሮ ድምፅ አድርገው ስለሚቀበሉት ደፍሮ የሚከራከረው ሰው በቀላሉ አይገኝም። ለዚህ ነው አንደበት ለሌለው አንደበት እሆናለሁ የሚል ሰው እስከ ምን ድረስ ሊናገር እንደሚገባው፣ ከምን ላይስ ዝም ማለት እንዳለበት መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ለዚህ ጥያቄ መጀመሪያ የማቀርበው ምሳሌ በተረፈ ዳንኤል የሚገኘው የቤል ታሪክ ነው። የባቢሎን ሰዎች ቤል ለሚባለው ጣዖት በየቀኑ ብዙ ዱቄት፣ ብዙ በግና ብዙ ወይን ያቀርቡ ነበር፤ ሲነጋም ማዕዱ ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ ንጉሡ ጣዖቱ ሕያው እንደ ሆነ በፍጹም ልቡ ያምን ነበር። ዳንኤል ካህናተ ጣዖቱን በአፉ ብቻ ከስሶ ቢሆን ኖሮ ቃሉ በ70 ካህናት ቃል ፊት ብቻውን የቆመ ቃል ሆኖ በቀረ ነበር። እርሱ ግን ማዕዱ ከቀረበና ካህናቱ ከወጡ በኋላ፣ ንጉሡ ብቻ እያየ፣ በቤተ ጣዖቱ ወለል ላይ አመድ አስነሰነሰ፤ በሩም ተዘግቶ በንጉሡ ቀለበት ታተመ። በማግሥቱ ማኅተሙ አለመነካቱ አስቀድሞ ተረጋገጠ፤ በሩም ተከፍቶ ንጉሡ ባዶውን ማዕድ አይቶ ጣዖቱን ማመስገን በጀመረ ጊዜ ዳንኤል ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለውና ወለሉን እንዲመለከት አደረገው፤ በአመዱም ላይ የወንዶች፣ የሴቶችና የሕፃናት የእግር አሠር ተገኘ፤ ሌሊት ሌሊት የሚገቡበት ስውር በርም ታወቀ።

ይህን ታሪክ በአስተውሎት የሚያነብ ሰው ዛሬ በፖሊስ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ደንብ ዋና ዋና ነገር ያገኝበታል። ዳንኤል ሥራውን የሠራው በምስክር ፊት ነው፤ ያዘጋጀውን ስፍራ አሽጎታል፤ እሽጉ ከመፈታቱ በፊት እንዳልተነካ አረጋግጧል፤ በመጨረሻም ካህናቱ ሌቦች ናቸው ብሎ ከመናገር ተቈጥቦ ፍርድ የሚሰጠው ሰው ራሱ እንዲያይ አድርጎ ወደ ኋላ ቆሟል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ንጉሡን መከልከሉ ነው። ወንጀል በተፈጸመበት ቤት ደጃፍ ላይ የሚቆም ወጣት ፖሊስ እጅግ የሚከብደው ሌባውን መመለስ ሳይሆን አለቃውን፣ ሹሙን፣ የሟቹን ዘመድና ለቅሶ ደራሹን መመለስ ነው፤ ሁሉም ልባዊ ምክንያት አለው፤ ሁሉም ግን በእግሩ ሌላ አሠር አምጥቶ የነበረውን ይዞ ይሄዳል። ንጉሥን በደጃፍ ላይ ያቆመ ነቢይ የዚህ ሙያ አባት ተብሎ ቢጠራ ይገባዋል እላለሁ።

የዚህ ተቃራኒ ታሪክ ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት አለ፤ እርሱም የዮሴፍ ቀሚስ ነው። ወንድሞቹ ዮሴፍን ከሸጡ በኋላ ቀሚሱን በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው ላኩ። በዚህ ስፍራ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ቀሚሱ በእውነት የዮሴፍ ነበር፤ ደሙም በእውነት ደም ነበር፤ ለአባታቸው ሲያቀርቡትም ልጅህን አውሬ በላው ብለው አልደመደሙም፤ የልጁ ቀሚስ መሆን አለመሆኑን እንዲለይ ብቻ ጠየቁት። ሐሰቱ ያለው ቀሚሱ ከየት እንደ ተገኘ በተናገሩት በአንዲቱ ቃል ውስጥ ነው፤ የቀረውን የሐዘን ታሪክ ሁሉ የፈጠረው የያዕቆብ የገዛ ልቡ ነው። አባት ስለ ሆነና ስለ ፈራ፣ የፈራውን ነገር በጨርቁ ላይ ተጽፎ አነበበው፤ የማን ደም ነው ብሎ የጠየቀ ግን በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። በዚህም ምክንያት 22 ዓመት ያህል በሕይወት ላለ ልጁ አለቀሰ። የሰውን ደም ከእንስሳ ደም ለይቶ የሚያሳውቅ አስተማማኝ ፍተና የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1901 በጀርመናዊው ሊቅ በፓውል ኡሌንሁት ነው፤ ጥያቄው ግን ፍተናው ከመገኘቱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ሊጠየቅ ይችል ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ይኸው ዮሴፍ በግብፅ ለሁለተኛ ጊዜ በልብሱ ምክንያት ተጐዳ። የጲጥፋራ ሚስት በእጅዋ የቀረውን ልብስ ለቤተሰቡና ለባልዋ ባሳየች ጊዜ፣ ልብሱ የእርሱ መሆኑም ከእርስዋ ዘንድ መገኘቱም የማይካድ ሐቅ ነበር። ነገር ግን ያ ልብስ ሊደፍራት የመጣ ሰው ጥሎት የሄደው ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ከኃጢአት የሚሸሽ ሰው ጥሎት የሄደውም ሊሆን ይችላል። ልብሱ አንድ ነው፤ የሚደግፋቸው ታሪኮች ግን ሁለት ናቸው፤ ጲጥፋራ አንዱን ብቻ ስለ ሰማ ንጹሑ ሰው ወደ ግዞት ቤት ገባ። ግዑዝ ማስረጃ አንድ ሰው በአንድ ቦታ እንደ ነበረ ወይም አንድ ነገር እንደ ነካ ሊያስረዳ ይችላል፤ በምን አሳብ እንደ ገባ፣ ማን እንደ ጀመረ፣ በልቡ ምን እንደ ነበረ ግን አያውቅም። ኵላሊትንና ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው ብለን የምናምን ሰዎች ይህን ድንበር ከማንም በፊት ማክበር ይገባናል፤ መርማሪው ስለ አሻራው ሲጠየቅ ስለ ልብ መናገር የጀመረ ዕለት ሳያውቀው ከዳንኤል ወገን ወጥቶ ከጲጥፋራ ሚስት ወገን ቆሟል።

ይህ ማስተዋል ወደ ትምህርት ሥርዓት ለመግባት ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ይኩኖ አምላክ ከመንገሡ ከ20 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1247፣ ሶንግ ጺ የተባለ የቻይና ዳኛ ስለ አስከሬን ምርመራ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ በእርሱም ውስጥ በማጭድ ስለ ተገደለ ሰው የሚነገር ታሪክ አለ። መርማሪው የመንደሩን ሰዎች ሁሉ ማጭዳቸውን አምጥተው በፀሐይ ላይ እንዲዘረጉ አዘዘ፤ ዝንቦችም ለዓይን በማይታይ የደም ርዝራዥ ተስበው በአንዱ ማጭድ ላይ ብቻ ሰፈሩ፤ የማጭዱም ባለቤት ጥፋቱን አመነ። በአውሮጳ ሐንስ ግሮስ የተባለው ኦስትሪያዊ መርማሪ ዳኛ፣ ከምስክሮች ቃል ይልቅ በስፍራው ላይ የሚገኘውን ነገር በሥርዓት መመርመር እንደሚሻል የሚያስተምረውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1893 አወጣ፤ ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካርም እ.ኤ.አ. በ1910 በሊዮን ከተማ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ጣሪያ ሥር በተሰጡት ክፍሎች ውስጥ የምርመራ ቤተ ሙከራውን አቋቋመ። የሎካር ትምህርት በአጭሩ ሁለት ነገሮች በተነካኩ ጊዜ ሁሉ አንዱ ከሌላው አንዳች ነገር ይወስዳል የሚል ነው፤ ወደ ቤት የገባ ሰው ከውጭ አቧራ ያስገባል፤ ሲወጣም ከምንጣፉ ክር፣ ከግድግዳው ኖራ፣ ከሟቹም ፀጉር ይዞ ይወጣል።

በአገራችን ወንጀለኛው ያልታወቀ ጥፋት በተፈጸመ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት በአንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቅ፣ ጥፋተኛውም እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱና ወደ እርሻው እንዳይመለስ ይከለከል ነበር። ይህ ሥርዓት የጎረቤት ደም የሁሉ ዕዳ ነው የሚል ትልቅ አሳብ ነበረበት፤ ዳሩ ግን ረኀብና ድካም የበረታበት ጉባኤ ወዳጅ የሌለውን ሰው ስም ለመጥራት የሚቸኩል መሆኑን መካድ አይቻልም። ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድ ደግሞ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ አእምሮው ከተለወጠ በኋላ በየመንደሩ ይነዳ፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤትም ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር፤ ያ ባለቤት በምን ቃል ራሱን ይከላከላል? ይህን የማነሣው አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በአውሮጳም ተከሳሽ የጋለ ብረት እየያዘ ወይም ወደ ውኃ እየተጣለ የሚፈተንበት ሥርዓት ለብዙ ዘመን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1215 የሮማ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ካህናት በዚህ ፍተና እንዳይካፈሉ ከለከለ፤ ፍተናው በቀረበት ቦታ ግን በብዙ አገር የተተካው የተከሳሹን እምነት በሥቃይ ማውጣት ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ልቤ የሚያምነውን በግልጥ መናገር እፈልጋለሁ። ግዑዛን ዝም በተሰኙበት አገር የሚናገረው የተጠርጣሪው ሥጋ ነው። መሬቱን የሚመረምር የተማረ ዓይን፣ ደሙን የሚለይ ቤተ ሙከራ፣ እሽጉን የሚጠብቅ ታማኝ እጅ በሌለበት ቦታ የወንጀሉ ጥያቄ ሁሉ በአንድ በተያዘ ሰው ጀርባ ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1892 በአርጀንቲና ኔኮቼአ በተባለች ከተማ ሁለት ሕፃናት በተገደሉ ጊዜ እናታቸው አንድ የሚያውቃትን ሰው ከሰሰች፤ ያም ሰው እንደሚነገረው ብዙ ሥቃይ ተቀብሎ አላደረግሁም በሚለው ቃሉ ጸና። ሁዋን ቩቼቲች የጣት አሻራን አመዳደብ ያስተማረው አንድ መርማሪ ግን ወደ ቤቱ ሄዶ በበሩ ላይ በደም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ አገኘ፤ አሻራውም የእናቲቱ ነበር፤ እርስዋም አመነች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው እንዲያምን መገደድ እንደሌለበት፣ በማስገደድ የተገኘም ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል፤ ይህ ድንጋጌ በሥራ ላይ ሊጸና የሚችለው ግን ፖሊሱ ከተጠርጣሪው አፍ ሌላ የሚጠይቀው ነገር እንዲያገኝ የሚያስችል ትምህርትና መሣሪያ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ የወንጀል ስፍራ መርማሪን ማሠልጠን ወንጀለኛን ለመያዝ ብቻ የሚደረግ ወጪ ሆኖ አይታየኝም፤ በአምሳለ እግዚአብሔር የተፈጠረውን የተጠርጣሪውን ሥጋ ከዱላ የማዳን ሥራ ነው።

ነገር ግን ይህን ያህል ያከበርነው ምርመራ ራሱ ጣዖት ሊሆን ይችላል። አልፎንስ ቤርቲዮን በፓሪስ ወንጀለኞችን በአካላቸው ልክ የመለየትን ዘዴ የፈጠረ፣ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ሻምበል አልፍሬድ ድሬይፉስ በክህደት በተከሰሰ ጊዜ ይህ ሊቅ ጽሕፈትን በመለየት ረገድ የተለየ ትምህርት ሳይኖረው ለጀርመን የተጻፈውን ደብዳቤ መረመረና የድሬይፉስ ነው ብሎ መሰከረ። ጽሕፈቱ ከድሬይፉስ ጽሕፈት ጋር የሚለያይበት ነገር በታየ ጊዜም፣ ሰውዬው ሆን ብሎ የገዛ ጽሕፈቱን አስመስሎ ስለ ጻፈ ነው አለ። እዚህ ላይ የመርማሪው መንፈሳዊ ውድቀት ፍጹም ሆኖ ይታያል፤ መመሳሰሉም ማስረጃ፣ አለመመሳሰሉም ማስረጃ ከሆነ ተከሳሹን ነጻ የሚያወጣው ምን ቀረ? ደብዳቤውን የጻፈው ኤስተርሃዚ የተባለ ሌላ መኰንን ነበር፤ ድሬይፉስ ግን የሰይጣን ደሴት ወደምትባለው የግዞት ስፍራ ተወስዶ ዓመታት ተሠቃየ፤ ሙሉ ንጽሕናውም የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው።

በእኛም ዘመን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ፈንጂ በፈነዳ ጊዜ በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘ አሻራ በኦሬጎን የሚኖር አንድ ጠበቃ አሻራ ነው ተብሎ በአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ ባለሙያ ተወሰነ፤ ሌሎችም ባለሙያዎች በዚሁ ተስማሙ። የስፔን ፖሊስ ግን አይመሳሰልም እያለ ሲከራከር ቆይቶ በመጨረሻ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አስታወቀ፤ ጠበቃውም ሁለት ሳምንት ያህል ከታሰረ በኋላ ተለቀቀ፤ ይቅርታም ተጠየቀ። በጀርመንና በአጎራባች አገሮች ደግሞ ለብዙ ዓመታት በ40 ያህል የወንጀል ስፍራዎች የአንዲት ሴት ዲ ኤን ኤ እየተገኘ፣ በሃይልብሮን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2007 የተገደለችውን ፖሊስ ጨምሮ የብዙ ሰው ደም በዚህች በማትታወቅ ሴት ላይ ተቈጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ዲ ኤን ኤው ለናሙና መውሰጃ የሚያገለግለውን ጥጥ በምታሽግ ሠራተኛ እጅ የገባ መሆኑ ታወቀ። መርማሪዎቹ ያን ሁሉ ዘመን የተከታተሉት በገዛ መሣሪያቸው ላይ የነበረውን አሠር ነበር። የሎካር ሕግ መርማሪውንም የማይምር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ወጣት በአገራችን መንገዱ በፖሊስ በኩል ያልፋል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፖሊስ መኰንኖች በአባዲና ኮሌጅ ይማሩ እንደ ነበረ ሁሉ ዛሬ በሰንዳፋ ያለው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ የፌደራል ፖሊስም የፎረንሲክ ምርመራ ክፍል አለው። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ግን የፖሊስ ልብስ ሳይለብሱ በኬሚስትሪ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪ ይዘው የሚቀጠሩ ብዙዎች ናቸው። በየትም ቢሆን ወጣቱ ከተፈጥሮ ሳይንስ ጋር የወንጀለኛ መቅጫንና የሥነ ሥርዓትን ሕግ መማር፣ ፎቶግራፍ ማንሣትንና ንድፍ መሥራትን መለማመድ፣ ከሁሉም በላይ የራሱን ቋንቋ አጥርቶ መጻፍ ያስፈልገዋል፤ የጻፈው ነገር ከዓመታት በኋላ በችሎት ሲነበብ እርሱ ራሱ የረሳውን ስፍራ እንደ ገና ማሳየት አለበትና።

ሥራው የሚጀምረው ሕይወትን በማዳን ነው፤ የቆሰለ ሰው እየተነፈሰ ማስረጃ የሚያስቀድም መርማሪ የለም። ከዚያ ስፍራው ይታጠራል፤ መግቢያና መውጫው አንድ ይሆናል፤ የገባና የወጣው ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘገባል። ምንም ነገር ከመነሣቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከመካከለኛ ርቀት፣ በመጨረሻም መለኪያ አጠገቡ ተደርጎ ከቅርብ። እያንዳንዱ ነገር ከማይነቃነቁ ሁለት ምልክቶች ያለው ርቀት ተለክቶ በንድፍ ላይ ይሰፍራል። በደም የረጠበ ልብስ በፕላስቲክ ቢታሸግ ስለሚበላሽ ደርቆ በወረቀት ይጠቀለላል፤ ሁለት ዕቃ በአንድ ከረጢት አይገባም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ የእጅ ጓንቱ ይለወጣል። እሽጉ ላይ ስም፣ ቀንና ፊርማ ይደረግበታል፤ ኤግዚቢቱ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቍጥር ያስረከበውና የተረከበው ይፈርማሉ፤ የዮሴፍ ቀሚስ እንዲህ ያለ ወረቀት ተከትሎት ቢሆን ኖሮ ያዕቆብ ባላለቀሰ ነበር። ለደም ምርመራ በስፍራው ላይ የሚደረገው ፈጣን ፍተና ቀለሙ ሲለወጥ ደም ሊሆን ይችላል የሚያሰኝ እንጂ ደም ነው የሚያሰኝ አይደለም፤ አንዳንድ አትክልትም ያንኑ ቀለም ያመጣልና። ሊሆን ይችላል በሚለውና ነው በሚለው መካከል ያለችው ጠባብ ስፍራ የዚህ ሙያ ጽድቅና ኃጢአት የሚፈጸምባት ናት።

ከዕውቀቱ ሌላ በትምህርት ቤት የማይሰጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አስከሬንን ማክበር ነው። መጽሐፈ ጦቢት ጻድቁ ጦቢት ለበዓል የቀረበለትን ማዕድ ትቶ ተነሥቶ በአደባባይ የወደቀውን የወገኑን ሬሳ እንዳነሣ፣ ስለዚህም ሥራው ጎረቤቶቹ እንደ ዘበቱበት ይነግረናል። መርማሪም ብዙ ጊዜ ማዕዱን ትቶ ይነሣል፤ የሚያየውንም ነገር ለሚስቱና ለልጆቹ መናገር አይችልም። ሬሳው ለእርሱ የማስረጃ ምንጭ ብቻ ሆኖ የቀረ ዕለት ሥራው ይበላሻል፤ ሟቹን እንደ ዕቃ ያየ ሰው ሕያው የሆነውን ተጠርጣሪም እንደ ዕቃ ለማየት ሩቅ አይደለም።

የዚህን አክብሮት ዋጋ የእኛ ትውልድ ያውቃል። በቀይ ሽብር ዘመን የተገደሉት ብዙዎች ፍትሐት ሳይደረግላቸው፣ ተዝካር ሳይወጣላቸው፣ የተቀበሩበት ሳይታወቅ በጅምላ ጉድጓድ ተጥለው ነበር። መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሲያዘጋጅ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከአርጀንቲና የመጡ የአጥንት መርማሪዎች መቃብሮቹን በመክፈት ረዱት። እነዚህ ባለሙያዎች በገዛ አገራቸው ወታደራዊው አገዛዝ ሰውሮ የገደላቸውን ሰዎች ለመፈለግ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካዊው ሊቅ በክላይድ ስኖው መሪነት ሙያውን የተማሩ ነበሩ። አፈሩን በብሩሽ እየጠረጉ፣ እያንዳንዱን አጥንት እንደ ተኛ እየሣሉና ፎቶግራፍ እያነሡ፣ የልብሱን ቁልፍና የኪሱን ዕቃ ለየብቻ እያስቀመጡ፣ በደንቡ መሠረት ሠሩ። በመስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ የአንዳንዶቹ አፅም ዛሬም ይታያል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በሸለቆ ውስጥ ያያቸው አጥንቶች እስትንፋስ የተሰጣቸው በእግዚአብሔር ቃል ነው፤ የሰው እጅ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ለአንዲት እናት ግን ይህ የልጅሽ አጥንት ነው ብሎ በእውነት ለመናገር መቻል፣ ደግሞም እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜ አላውቅም ብሎ ለማዘን መቻል የሰው እጅ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ማዕርግ ነው።

ገዳዩ ስላልታወቀ ሬሳ በኦሪት ዘዳግም አንድ የሚያስደንቅ ሥርዓት ተሠርቷል። ተገድሎ በሜዳ የወደቀ ሰው በተገኘና ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ ሽማግሌዎችና ፈራጆች ወጥተው ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት ይለኩ ነበር፤ ቅርብ ሆና የተገኘችው ከተማ ሽማግሌዎችም ቀንበር ያልነካትን ጊደር ወደ ፈሳሽ ውኃ አውርደው አንገትዋን ከሰበሩ በኋላ እጃቸውን ታጥበው ደሙን እንዳላፈሰሱና ሲፈስም እንዳላዩ በካህናት ፊት ይናገሩ ነበር። ሕጉ ነገሩ እንዲዘጋ ብሎ አንድ ሰው ተፈልጎ ይሰጥ አላለም። አለማወቃቸውን በአደባባይ እንዲናገሩ፣ ሆኖም ደሙን እንደ ዕዳ እንዲሸከሙት አዘዘ፤ መለካቱንም አላስቀረላቸውም።

ዛሬ ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚመሳሰለው ያልተፈታው መዝገብና በመጋዘን የተቀመጠው እሽግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዝ አገር በሌስተር አካባቢ አንዲት ልጃገረድ ተገድላ ተገኘች፤ መርማሪዎቹ ከአስከሬንዋ ናሙና ወሰዱ፤ ገዳዩን ግን ለማወቅ አልቻሉም፤ ናሙናውንም በሥርዓት አሽገው አኖሩት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ ሰውን ከሰው በዲ ኤን ኤ የመለየትን ዘዴ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሌላ ልጃገረድ በዚያው አጠገብ ተገደለች፤ የ17 ዓመት ልጅ ተያዘና የሁለተኛዋን ግድያ አመነ። ፖሊስ የመጀመሪያውንም ግድያ የፈጸመው እርሱ እንደ ሆነ ለማስረዳት ሁለቱን ናሙናዎችና የልጁን ደም ወደ ጄፍሪስ ላከ፤ የምርመራውም ውጤት ሁለቱን ልጃገረዶች የገደለው አንድ ሰው መሆኑን፣ ያም ሰው ግን ያመነው ልጅ አለመሆኑን አሳየ። በኋላ የአካባቢው ወንዶች 5,000 ያህል ሆነው ናሙና ሲሰጡ እውነተኛው ገዳይ ሌላ ሰው በስሙ ልኮ አመለጠ፤ የተያዘውም ያ የተላከው ሰው ለባልንጀሮቹ የነገረውን የሰማች አንዲት ሴት ለፖሊስ ስለ ተናገረች ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1988 ተፈረደበት። ግዑዙ ንጹሑን አዳነ፤ በደለኛውን ያስያዘው ግን የሰው ቃል ነበር። ያም የ17 ዓመት ልጅ በዚህ ምርመራ ከግድያ ክስ ነጻ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከ3 ዓመት በፊት ናሙናውን ወስዶ ያሸገው ሰው እንዲህ ያለ ዘዴ ይገኛል ብሎ ሊያስብ ባይችልም፣ ምን እንደሚያገለግል ያላወቀውን ነገር እንደሚገባ አድርቆ፣ ቀኑን ጽፎና ፈርሞ አስቀምጦት ነበር።